ከርከዴና ሂና ብር ሲጨመርባቸው፦ ደሴ ላይ የሚሠራ የፀሐይ ሴል ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መጀመሪያ

ክረምቱ ወጥቷል፤ የጦሳ ተራራም ጉም ስለቀለለ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ማግኘት ይቻላል። ጥያቄዬ አንድ ነው። በዕፅዋት ቀለም በሚሠራ የፀሐይ ሴል ውስጥ ጥቂት የብር ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ ደቃቅ የብር ፍርፋሪ) ቢገባ ኤሌክትሪኩ እውነት ይጨምራል? በዚህ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ "ይህን ያህል በመቶ ተሻሻለ" የሚለው ቁጥርም አይታጣም። ከምን ተነስቶ ተሻሻለ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ ያልፋል። ስለዚህ ብር ያለበትንና የሌለበትን ሴል ከአንድ ፔስት (መስታወቱ ላይ ከሚቀባው ነጭ ሊጥ)፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ፀሐይ ጎን ለጎን እየለካሁ አያለሁ። ከዚያ ውጭ ያለውን ቁጥር አልመዘግብም።

ሴሉን ለማያውቅ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 ብራያን ኦሬገንና ሚካኤል ግሬትዝል ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሳወቁት ዓይነት ነው። ሲሊከን የለበትም። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መስታወት ላይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይቀባና ይጋገራል፣ ቀለም ይጠጣል፣ ከዚያ የአዮዲን ፈሳሽ ተጨምሮበት በሌላ መስታወት ይከደናል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብቻውን ከፀሐይ ብርሃን የሚወስደው አልትራቫዮሌቱን ነው፤ ዓይን የሚያየውን ብርሃን የሚይዝለት ቀለሙ ነው። ቀለሙ ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኑን ለቲታኒየሙ ይሰጣል፣ የጎደለውን ደግሞ አዮዳይዱ ይተካለታል። እነ ግሬትዝል የተጠቀሙበት ቀለም ከሩቴኒየም የተሠራ ነበር፤ ውጤቱም፣ ማለትም ከፀሐይ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው፣ 7 በመቶ ገደማ ነው። የዕፅዋት ቀለም ርካሽ ነው፤ ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ብር የሚጨመረው ይህን ትንሽ ከፍ ያደርገው እንደሆነ ተብሎ ነው።

ጥቅምት፣ አጋማሽ

ያለ ብር የሚሠራውን ሴል ማስተካከል ይቀድማል። እሱ ካልተረጋጋ የሚቀጥለው ሁሉ ወሬ ነው።

ፔስቱ፦ 3 ግራም ፒ-25 የሚባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት (ቅንጣቱ 25 ናኖሜትር አካባቢ ነው)፣ 4.5 ሚሊ ሊትር በጣም የቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ በመጨረሻ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ነጭ አቼቶ ቀጥኖም ይሠራል። አሲዱ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ በሸክላ ሙቀጫ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጫል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ንጣፉ ላይ ጉብታ ያገኛል።

መስታወቱ ኤፍ ቲ ኦ (ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) የተቀባ ነው፤ አገር ውስጥ ስላላገኘሁት ከውጭ የመጣ ወዳጅ ይዞልኝ መጣ። የትኛው ገጽ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ በዓይን አይለይም፤ መልቲሜትር ሲነካ ጥቂት አሥር ኦም የሚያሳየው እሱ ነው። በሦስት ጠርዙ ስኮች ተለጥፎ ፔስቱ በመስታወት ዘንግ አንዴ ይሳባል። ስኮቹ ተነቅሎ ሲደርቅ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። ሲጋገር መጀመሪያ ቡኒ ይሆንና ሳሙናውና ሌላው ኦርጋኒክ ነገር ተቃጥሎ ሲያልቅ ተመልሶ ይነጣል። አንዱን ዙር ቡኒ እንደሆነ መብራት ሄደበት። ማታ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ አሙቄው ነጣ፤ ሆኖም ከሌሎቹ ጋር አላወዳድረውም፣ ለብቻው ተቀምጧል። ምድጃው ሳይቀዘቅዝ መክፈት መስታወቱን ስለሚሰነጥቅ አዳር እዚያው ይተዋል።

የተጋገረው ንጣፍ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ቀለሙ ላዩን ብቻ ነክቶ አይቀርም፣ ጠልቆ ይገባል። ሴሉ የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላኛው መስታወት ፕላቲነም ይፈልጋል ቢባልም የሻማ ጥላሸት ይበቃዋል። ፈሳሹ ለ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኢቲሊን ግላይኮል 0.83 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድና 0.127 ግራም አዮዲን ነው። ኢቲሊን ግላይኮል የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ አለ ብሎ ከጋራዥ የሚያመጣ እንዳይኖር፤ እዚያ ውስጥ ቀለምና ዝገት መከላከያ ተጨምሮበታል።

ጥቅምት፣ መጨረሻ

ቀለሞቹ ሁለት ሆኑ። ከርከዴው ከሱቅ የተገዛ ደረቅ አበባ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ትንሽ አሲድ ተጨምሮበት ተጣራ። ሂናው የሰኞ ገበያ ነው። ሻጯን "እትዬ፣ ጥቁሩን ሳይሆን ቅጠሉን ብቻ የተፈጨውን ነው የምፈልገው" ስላት ዞር ብላ አየችኝና "ለሙሽራ ነው?" አለች። ለመስታወት ነው ማለት ከብዶኝ "አዎ" አልኩ። ጥቁር ሂና የሚባለው ውስጥ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይገባል፤ ንጹሑ ቅጠል ግን ላውሶን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም አለው። ሂናው የተዘፈዘፈው በአልኮል ነው።

ከርከዴው ውስጥ ያለው ቀለም አንቶሲያኒን ነው። ነጩ ንጣፍ ውስጡ ሲገባ ከጠርዙ ጀምሮ እየቀላ ይሄድና ከብርጭቆው ፈሳሽ የተለየ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ቀለሙ ሲለወጥ ማየት ደስ ይላል፣ ምክንያቱም በኦክስጅኖቹ ቲታኒየሙን ጨብጦ መያዙን ስለሚያሳይ ነው። በአልኮል ሲታጠብ የማይለቀው ያ ነው። ጎመን ቅጠልም ሞክሬ ነበር። ክሎሮፊሉ የሚጨብጥበት እጅ ስለሌለው ሲታጠብ አብዛኛው ወረደ፤ ተውኩት።

እኩለ ቀን ላይ፣ በ2 ካሬ ሴንቲሜትር ሴል፦ ከርከዴ 0.41 ቮልት፣ 1.2 ሚሊ አምፒር። ሂና 0.38 ቮልት፣ 0.5 ሚሊ አምፒር። ፀሐዩ ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለያይ ከአሮጌ የሶላር መብራት የተነቀለች ትንሽ የሲሊከን ፓነል አጠገቡ ትቀመጣለች፤ የእሷ አጭር ዙር አምፒር (ሁለቱ ሽቦዎቿ በቀጥታ ሲገናኙ የምትሰጠው) ከብርሃኑ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ሁለት ሴል የማወዳድረው የእሷ ንባብ እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በአንድ ዙር የተሠሩ፣ ምንም ልዩነት የሌላቸው የከርከዴ ሴሎች እርስ በርሳቸው በ0.1 ሚሊ አምፒር ይራራቃሉ። የሂናዎቹ ግን በ0.03 ውስጥ ናቸው። ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ብር ያመጣው ለውጥ ከዚህ ካልበለጠ ለውጥ አልለውም።

ኅዳር፣ መጀመሪያ

ወደ ብሩ። ብር ናኖ ሲሆን ብርማ መልኩን ይተዋል። ብርሃን ሲመታው ውስጡ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ ይህ ፕላዝሞን ይባላል። ውዝዋዜው በቅንጣቱ ዙሪያ፣ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ውስጥ፣ የብርሃኑን ጉልበት ያጠናክረዋል፤ ተለቅ ያለ ቅንጣት ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን እየበተነ በንጣፉ ውስጥ መንገዱን ያረዝመዋል። እዚያ ርቀት ውስጥ የተቀመጠ ቀለም የበለጠ ብርሃን ይደርሰዋል ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን የትኛው ብርሃን የሚለው ነው። የብር ውዝዋዜ በብርሃን ሞገድ ርዝመት ሲለካ 400 እና 420 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ሐምራዊና ሰማያዊው ላይ። የወርቅ 520 አካባቢ ነው። ከርከዴ በጣም የሚወስደው ብርሃን 520 እና 540 መካከል ነው፣ ወርቅ ያለበት ቦታ! ሂና ግን 450 አካባቢ ስለሆነ ለብር ይቀርባል። የወርቅ ጨው ዋጋ ከኪሴ በላይ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ ግምቴን ልጻፍ፦ ብር የሚጠቅመው ካለ ሂናን ነው።

ውሃው፦ የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለው የብር ናይትሬት (ቅንጣቱ የሚሠራበት የብር ጨው) ጠብታ ሲያገኘው ወዲያው ይነጣል። ከጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ (አሲዱ አይደለም፣ ውሃው) በጠብታ ሲፈተን ጥርት ብሎ ቀረ፤ እሱ ሆነ።

አሠራሩ ሊ እና ማይዝል የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ነው፣ መጠኑ ለአምስት ተካፍሎ። 18 ሚሊ ግራም ብር ናይትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈላል፣ 2 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ የሶዲየም ሲትሬት ፈሳሽ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ይቆያል። ጥርት ያለው ውሃ መጀመሪያ ቢጫ ይነካዋል፣ ከዚያ ይወፍርና አረንጓዴ ቢጤ ግራጫ ቢጫ ይሆናል። በጨለማ ክፍል ቀይ ሌዘር ሲያልፍበት ጨረሩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር ይታያል፤ በተራ ውሃ ውስጥ አይታይም።

በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭማቂም ይሠራል፤ ደሴ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አይጠፋም። የሚወጣው ግን ከቅጠሉ በመጣ ሙጫ ነገር የተለወሰ ነው። በብሩ ላይ ሌላ ሽፋን ማልበስ ገና ስለሚቀረኝ ሲትሬቱን መረጥኩ።

አንጥረኛ ዘንድም ሄጄ ነበር፣ ብሩን ከጠገራ ማውጣት ይቻል እንደሆነ። "አባባ፣ ይህንን በአሲድ ባሟሟውስ?" ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። "ልጄ፣ ጠገራ ንጹሕ አይደለም፤ መዳብ አለበት። ደሞ ተማን እጅ አገኘሁት ብለህ ነው የምታሟሟው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 1780 የሚል የተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ብሩ 83 በመቶ ነው፤ የቀረው መዳቡ ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል። እኔ የምፈልገው በሚሊ ግራም ነው። የናይትሪክ አሲዱ ጭስም ቤት ውስጥ የሚቻል አይደለም። ጠገራው ለአንገት ይቅር።

ኅዳር፣ አጋማሽ

ዛሬ የተሠራው ሥራ ሁሉንም ነገር የሚወስነው ነው።

ሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አዮዲን ነው። አዮዲን ደግሞ ብርን ይበላል፤ ብር አዮዳይድ ያደርገዋል። ወርቅም ቢሆን በአዮዲንና በአዮዳይድ ድብልቅ ይሟሟል። ታዲያ ብሩ በፈሳሹ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ይህን በሴል ውስጥ ማየት አይቻልም፤ በሙከራ ቱቦ ግን ይቻላል።

በሁለት ቱቦ እኩል የብር ፈሳሽ፣ በሦስተኛው ውሃ ብቻ። በአንደኛው ብርና በውሃው ላይ በጣም የቀጠነ የአዮዲን ፈሳሽ ጠብ አደረግሁ። አዮዲኑ ራሱ ቡኒ ስለሆነ ዓይን ያታልላል፤ ስለዚህ ጥቂት ቆይቼ በሦስቱም ላይ የላቦራቶሪ አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ ነው) ጨመርኩ፣ እሱ የተረፈውን አዮዲን ቀለም አልባ ያደርገዋል። ውሃው ጥርት አለ። አዮዲን ያልነካው ብር ቢጫነቱን እንደያዘ ነው። አዮዲን የነካው ግን ቢጫው ጠፍቶ ለወተት የቀረበ ፈዛዛ ደመና ሆኗል። ሌዘሩ ገብቶ ተበተነ። ያ ደመና ብር አዮዳይድ ነው፣ ፕላዝሞን የሚባል ነገር የለውም።

ሽፋን የሌለው ብር ሴል ውስጥ የገባበት ዘገባ ሳነብ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሴሉ የተለካው ፈሳሹ ከገባ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሚል ይሆናል። አዮዲኑ ባይበላው እንኳ ራቁቱን የሆነ ብር ከቲታኒየሙ የመጡትን ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ለአዮዲኑ መልሶ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ሽቦው ሳይደርስ ይባክናል።

ኅዳር፣ መጨረሻ፣ ኮምቦልቻ

ብሩን ከአዮዲኑ የሚከልለውን ሽፋን ለማልበስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ላቦራቶሪ ገባሁ። ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ቅንጣትን ከፈሳሽ የሚለይ) እና ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የትኛውን ብርሃን እንደሚወስድ የሚለካ) ያለው እሱ ጋ ነው። ደሴ በካፖርት የወጣ ሰው ቦርከና ሲደርስ ካፖርቱን በእጁ ይዞት ነው የሚሄደው።

የሚለብሰው ሲሊካ ነው፣ ማለትም አሸዋና መስታወት የተሠሩበት ነገር፣ በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1968 ሽቶበርና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው፤ አልኮል፣ ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ አሞኒያ፣ ከዚያ ሲሊካው የሚወጣበት ቴትራኢቶክሲሲሌን የሚባል ፈሳሽ ጠብ ጠብ እየተደረገ። ሲሊካው ብሩን እንዲይዝ መጀመሪያ ፒ ቪ ፒ የሚባል ፖሊመር ይቀባል።

እዚህ ላይ ቆም ይባል። አሞኒያና ያልተጠቀሙበት የብር ናይትሬት አንድ ላይ ከተቀመጡ ሲነኩት የሚፈነዳ ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል። ስለዚህ ብሩ በሴንትሪፊውጅ ታጥቦ የተረፈው ናይትሬት ካልወጣ አሞኒያው አይከፈትም፤ ሥራው ሲያልቅም የተረፈው ተቀምጦ አያድርም፣ አሲድ ተጨምሮበት ይወገዳል። አሞኒያ ሲበዛ ብሩንም ያሟሟዋል፤ ቢጫው እየሳሳ ከሄደ ምልክቱ እሱ ነው። ወዳጄ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ "አብሽር፣ ቀስ በል" እያለ አጠገቤ ቆመ።

ስፔክትሮፎቶሜትሩ ላይ ያልለበሰው 420 አካባቢ ጫፍ አሳየ። የለበሰው ጥቂት ናኖሜትር ወደ ቀይ ገፋ፤ ሲሊካ ብርሃንን ከውሃ የበለጠ ስለሚያዘገይ የሚጠበቅ ነው። ቅንጣቱን በዓይን የሚያሳይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እዚህ የለም፤ ስለዚህ የሽፋኑን ውፍረት በቁጥር አልጽፍም። የአዮዲን ፈተናው ግን ተደገመ። የለበሰው ብር አዮዲን ጠጥቶ፣ አስኮርቢክ አሲድ ተጨምሮበት፣ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ለእኔ ከማይክሮስኮፕ ፎቶ ይልቅ ይህ ቱቦ ይበልጥብኛል።

ሽፋኑ ይወፍርልኝ ማለት ግን አይቻልም። የፕላዝሞኑ ጉልበት ከቅንጣቱ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ስለሚሞት ወፍራም ሲሊካ ብሩን ከአዮዲን ሲያድን ከቀለሙም ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወርቅ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ የሽፋኑ ዓይነት ውጤቱን እንደሚለውጥ አሳይቷል፤ ሲሊካ የለበሰው አምፒሩን፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የለበሰው ቮልቱን ነው ያነሳው።

ታኅሣሥ

የለበሰው ብር ከመጋገሩ በፊት ፔስቱ ውስጥ ገባ። ለ3 ግራም ዱቄት 0.5 በመቶ ብር ማለት 15 ሚሊ ግራም ነው። ከ100 ሚሊ ሊትሩ የሚገኘው 11 ሚሊ ግራም ገደማ ብር ስለሆነ፣ የሁለት ዙር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ገባ። ብዙ መጨመር ይሻላል የሚል ካለ፣ ሲሊካው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ቀለም የሚቀመጥበትንም ቦታ ይሻማል። ንጣፉ ተጋግሮ ሲወጣ ጭራሽ ነጭ አልሆነም፤ የክሬም መልክ አለው።

ውጤቱ፣ ጥርት ባለ ቀን፣ የሲሊከኗ ፓነል ንባብ እኩል ሆኖ፦

ከርከዴ ያለ ብር 1.2 ሚሊ አምፒር፣ ከብር ጋር 1.3።

ሂና ያለ ብር 0.5፣ ከብር ጋር 0.6።

ቮልቱ በሁለቱም አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። የከርከዴው 0.1 ያለ ብርም እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት ስለሆነ ምንም አልልበትም። የሂናው 0.1 ግን ከ0.03 ይበልጣል፣ ስለዚህ እውነተኛ ነው። ብርና ሂና ይቀራረባሉ ያልኩትም በዚህ በኩል አልሳተም።

አሁን ይህን "ብር ናኖ ቅንጣት የሂናን ሴል በ20 በመቶ አሻሻለ" ብዬ ብጽፍ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ ይታይ። ከቮልቱ፣ ከአምፒሩና ጭነት ሲለዋወጥ ሁለቱ ከሚስሉት ኩርባ ቅርጽ ስሠራው፣ በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊ ዋት ፀሐይ ተብሎ ሲገመት፣ የሂናው ሴል 0.04 በመቶ የማይሞላ ነበር፣ አሁን 0.046 ገደማ ሆነ። ምንም ብር ያልነካው ከርከዴ 0.11 ነው። ሲሊካ የለበሰ ብር ያስገባሁበት፣ ኮምቦልቻ ድረስ ተሸክሜ የሄድኩበት ሴል፣ ከሱቅ የተገዛ ከርከዴ ከጠጣው ተራ ሴል ግማሽ አይደርስም። ትክክለኛውን ቀለም መምረጥ ብር ከመጨመር በላይ ነው ማለት ነው፤ ብር የሚገባው ቀለሙ ተመርጦ፣ ከብሩ ጋር በብርሃኑ ገጥሞ፣ ሴሉም ከታሸገ በኋላ ነው።

መታሸጉን ሳነሳ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ላይ የዋሉት ሴሎች በሙሉ፣ ብር ያላቸውም የሌላቸውም፣ እየደከሙ ነው። ኢቲሊን ግላይኮል ቶሎ አይተንም፤ ግን በክሊፕ ብቻ የተያዘ ሴል ከዳሩ እርጥበት ይስባል፣ ቀለሙንም ብርሃን ያገረጣዋል። ከርከዴው ከመሐሉ እየገረጣ ነው። የዚህን ድካም ብር አይመልሰውም።

ጥር፣ መጀመሪያ

ብሩን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ፤ የለበሰው ፈሳሽ በጨለማ ውስጥ ቢጫነቱን ይዟል፣ ይቆየኛል። የሚቀጥለው ከቀለም ቤት የተገዛ ነጭ የቲታኒየም ዱቄት ነው። የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር ስለሆነ ከፒ-25 በጣም ይበልጣል፣ ብርሃንንም መልሶ ይበትናል። በተጋገረው ንጣፍ ላይ እንደ ሁለተኛ ንጣፍ ስስ ተደርጎ ሲቀባ ያመለጠውን ብርሃን ወደ ቀለሙ ይመልሳል። ዋጋው ከብር ናይትሬቱ ጋር አይነጻጸርም፣ አዮዲንም አይበላውም፣ የትኛው የብርሃን ሞገድ ይገጥመዋል ተብሎም አይታሰብም። ከርከዴ ብቻ፣ ከርከዴና ነጭ ንጣፍ፣ ከርከዴና ብር፣ ሦስቱም ከአንድ ፔስት ይሠራሉ። ጠርዛቸው በሙቀት በሚጣበቅ ፕላስቲክ ይታሸጋል። መስታወቶቹ ዛሬ ታጥበው ደርቀዋል፤ ነገ ይቀባሉ።